ይዘህ ቅረብ፦ የአንድ አቤቱታ ሥርወ ቃል

አምቦ ላይ ሰው ሲታሰር ቤተሰቡ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የት ነው ያለው?» ብሎ ነው። ጥፋቱ፣ ክሱ፣ ዋስትናው ከዚያ በኋላ ይመጣሉ። እናት በፌስታል ምግብ ቋጥራ ከአንዱ ፖሊስ ጣቢያ ወደ ሌላው ትሄዳለች፤ በር ላይ «እዚህ የለም» ሲሏት ወደ ጉደር፣ ወደ ጊንጪ፣ አልፋም ወደ አዲስ አበባ ትሻገራለች። በሚያዝያ 2006 ተማሪዎች የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን ተቃውመው በወጡ ጊዜም፣ በኅዳር 2008 ከጊንጪ የተነሣው ተቃውሞ ኦሮሚያን ባዳረሰ ጊዜም በምዕራብ ሸዋ ከተሞች ብዙ ቤተሰብ ያለፈው በዚሁ መንገድ ነው። ይህን የእናት ጥያቄ ተቀብሎ መልሱን ከአሳሪው የሚሻ አንድ የሕግ መሣሪያ አለ። ፈረንጆች ሃቢየስ ኮርፐስ ይሉታል፤ በእኛ ችሎቶች «አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ» ይባላል። ሁለቱ ስሞች አንድ ነገር የሚጠሩ ይመስላሉ እንጂ የሚናገሩት አንድ አይደለም። ልዩነታቸው የሚታየውም አቤቱታው ችሎት ፊት ሲቆም ነው።

ከላቲኑ እንጀምር። «ሃቢየስ» መያዝን፣ ባለቤት መሆንን ከሚያመለክት ግስ የወጣ የትእዛዝ ቃል ነው፤ «ይኑርህ፣ ያዝ» ማለት ነው። «ኮርፐስ» አካል ነው። ሁለቱ ቃላት ዳኛ ለአሳሪ ከሚጽፈው ደብዳቤ መነሻ የተወሰዱ ናቸው። የደብዳቤው ፍሬ ነገር «እገሌን በእጅህ እንደያዝክ ሰምተናል፤ አካሉን ይዘህ በዚህ ቀን ፊታችን ቅረብ፤ የያዝክበትንም ምክንያት አስረዳ» የሚል ነው። ጽሑፍን በመነሻ ቃሉ መሰየም ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ «አቡነ ዘበሰማያት» የጸሎቱ ስም ሊሆን የቻለው ጸሎቱ በዚያ ስለሚጀምር ነው። በደብዳቤው ውስጥ ግን ልብ ሊባል የሚገባ ነገር አለ። «ፍታው» የሚል ቃል የለበትም። «አምጣው» ነው የሚለው። ይፈታ አይፈታ የሚባለው ሰውየው በዓይን ከታየ፣ አሳሪውም ከተጠየቀ በኋላ ነው።

እንግሊዞች ራሳቸው ይህን ደብዳቤ የጀመሩት ለነጻነት ብለው አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን ዳኞች ተከሳሽ ወይም ምስክር ችሎት እንዲገኝላቸው ሲፈልጉ የሚልኩት ተራ መጥሪያ ነበር። በጊዜ ብዛት ታሳሪዎች ራሳቸው አሳሪያቸውን መጠየቂያ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1627 አምስት ባላባቶች ለንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ብድር አንሰጥም ብለው ታሰሩና በዚህ ደብዳቤ ዳኛ ፊት ቀረቡ። የታሰሩበት ምክንያት ሲጠየቅ «የንጉሡ ልዩ ትእዛዝ ነው» ከሚለው ሌላ መልስ አልመጣም፤ ዳኞቹም አልፈቷቸውም። ቁጭቱ በፓርላማው ውስጥ ሲብላላ ቆይቶ በ1679 ሥርዓቱን የሚያጠብቅ ሕግ ወጣ። በ1772 ደግሞ ጄምስ ሶመርሴት የተባለ አፍሪካዊ ለሽያጭ ወደ ጃማይካ ሊላክ በቴምዝ ወንዝ ላይ በመርከብ ታስሮ ሳለ በዚሁ ደብዳቤ ሎርድ ማንስፊልድ ፊት ቀርቦ ተለቀቀ። ያ ሰው የተያዘው እንደ ንብረት ነበር። ዳኛው «በምን ሕግ ያዝከው?» ሲል ይህን የሚፈቅድ ሕግ ሊገኝ አልቻለም።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ መሣሪያውን ጥርት ባለ መልክ የምናገኘው በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቁጥር 177 እስከ 179 ባሉት ድንጋጌዎች ነው። ያኔ አምቦ በመንግሥት መዝገብ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ብዙ ሰው የሚገረምበት ነገር ድንጋጌዎቹ በወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ውስጥ አለመሆናቸው ነው። እኔ ግን ቦታቸው ተገቢ ይመስለኛል። አቤት ባዩ የሚከራከረው ወንጀል ስለ መሥራቱ አይደለም፤ አካሉ በማን እጅ፣ በማን ፈቃድ እንዳለ ነው የሚጠይቀው። ይህ በሰውና በሰው መካከል ያለ የመብት ጥያቄ ነው።

«ኮርፐስ»ን ወደ አማርኛ ለማምጣት ምርጫው ብዙ ነበር። ሥጋ አለ፣ ገላ አለ፣ ሰውነት አለ። ቤተ ክርስቲያን የክርስቶስን ኮርፐስ «ሥጋ» ብላለች፤ ሥጋ ወደሙ የምንለው ከዚያ ነው። «ሰውነት»ማ ገላንም ሰው መሆንንም በአንድ ቃል የሚይዝ ድንቅ ቃል ነው። የሕግ ሰዎች የመረጡት ግን አካልን ነው፤ አካል ደግሞ ከግእዝ ጀምሮ ከባድ ሸክም የተሸከመ ቃል ነው። «ሦስት አካል፣ አንድ መለኮት» ሲባል አካል ገላ ማለት አይደለም፤ ራሱን የቻለ፣ «እኔ» የሚል ህልውና ነው። መምህራን በዚህ ቃል ለዘመናት ተከራክረውበታል። ስለዚህ አማርኛው በላቲኑ ውስጥ የሌለ ነገር ጨመረ፤ አሳሪው ይዘህ ቅረብ የሚባለው ሥጋና አጥንት ብቻ ሳይሆን «እኔ» የሚል ሰው ሆነ። እዚህ ላይ ትርጉሙ ከምንጩ በልጧል።

ቃሉ ግን በቢሮ አማርኛ ሌላ መንገድም ያዘ። «የሚመለከተው አካል»፣ «የጸጥታ አካላት»፣ «የፍትሕ አካላት» እያልን ተቋምን በአካል መጥራት ለምደናል። በዚህ አነጋገር የታሰረው አካል ነው፤ ያሰረውም አካል ነው። «ልጄን የያዘው አካል ማን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ አባት «የሚመለከተውን አካል ጠይቅ» ይባላል። ይህ አካል ፊት የለው፣ ስም የለው፣ ችሎት ፊት የሚቆም እግር የለው። የላቲኑ ደብዳቤ ኃይል ያለው ለአንድ ሰው፣ «አንተ» ተብሎ በስም መጻፉ ላይ ነው። የሚጠራ ስም ያለው ሰው ከሌለ ደብዳቤው የሚደርሰው አያገኝም።

«ነጻ» የሚለውም የራሱ ታሪክ አለው። ሥሩ ግእዙ ነጽሐ ነው፤ ንጹሕና ንጽሕና ከዚያው የወጡ ናቸው። ጸ ወደ ጠ ሲዞር ልብሱ «ነጣ» የምንለውን ሰጥቶናል። በአማርኛ ነጻነት ከጥንቱ እድፍ ከሌለበት ነገር ጋር የተዛመደ ነው። ችሎት «በነጻ አሰናብተንሃል» ሲል ጥፋት አልተገኘብህም ማለቱ ነው። ችግሩ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው። አካልን ነጻ በማውጣት አቤቱታ የተፈታ ሰው ንጹሕ ነው አልተባለም፤ በጥፋቱ ላይ ማንም አልፈረደም። የተፈረደው በአያያዙ ላይ ነው። ስሙ ግን የነጻነት ስም ስለሆነ ተጠሪ ሆኖ የሚቀርበው ፖሊስ ወይም ዐቃቤ ሕግ «በከባድ ወንጀል የተጠረጠረ ነው» ብሎ መመለስ ይቀናዋል። ይህ ላልተጠየቀው ጥያቄ የተሰጠ መልስ ነው። የተጠየቀው በየትኛው ትእዛዝ እንደተያዘ፣ መቼ ዳኛ ፊት እንደቀረበ ነው። ጥርጣሬው እውነት ቢሆን እንኳ ዳኛ ሳያየው ለ10 ቀን የተያዘ ሰው ከሕግ ውጭ ተይዟል።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የያዘውም ይህንኑ ነው። የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ከዚህ ውስጥ አይቆጠርም። ያዡ ካላቀረበውና ምክንያቱን ካላስረዳ ግን ታሳሪው ፍርድ ቤትን የአካል ነጻነቱን እንዲያስከብርለት የመጠየቅ መብት አለው። ፖሊስ ካቀረበው በኋላ ምርመራው ካላለቀ የሚጠይቀው «ጊዜ ቀጠሮ» ነው። ቀጠሮ በሌላው ኑሯችን ደስ የሚል ቃል ነው፤ የወዳጅ ቀጠሮ፣ የሠርግ ቀጠሮ እንላለን። በምርመራ መዝገብ ላይ ግን በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 59 መሠረት በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን የማይበልጥ የእስር ማራዘሚያ ነው።

አሁን አቤቱታውን ራሱን በቅርብ እንየው። ለምዕራብ ሸዋ ዞን ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሚቀርብ ወረቀት ነው፤ ከላይ የፍርድ ቤቱ ስምና ቀን፣ ቀጥሎ አመልካች፣ ከሥሩ ተጠሪ። አመልካቹ ታሳሪው ራሱ ነው፤ ከእስር ሆኖ መጻፍ ካልቻለ እናቱ፣ ወንድሙ፣ ጎረቤቱ ስለ እሱ ሊያቀርብለት ይችላል። ያን ጊዜ ታሳሪው ራሱ ያላቀረበበትን ምክንያት የሚገልጽ ቃለ መሐላ ይያያዛል። ተጠሪ ማለት «የሚጠራው» ነው፤ ከ«ጠራ» የወጣ ነው፤ መጥሪያም ከዚያው። ፍርድ ቤቱ ወዲያው መጥሪያ ያወጣል፤ ተጠሪው በተቆረጠው ቀን ታሳሪውን ይዞ እንዲቀርብ፣ የማይለቀቅበት ምክንያት ካለ እንዲያስረዳ ያዛል። አያያዙ ከሕግ ውጭ ሆኖ ከተገኘ ወዲያው እንዲለቀቅ ይታዘዛል። ዳኛው ቢጠራጠር በዋስ ሊለቀው ይችላል። ዋስ የግእዙ «ዋሕስ» ነው፤ ትግርኛ ሐውን እስከ ዛሬ ጠብቆታል፣ አማርኛ ውጦታል።

ወረቀቱ በአምቦ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ እሱ ነው። ስሙም «ቃማ ቢሊሳ ባሱ» ይባላል። ቃማ አካል ነው፣ ቢሊሳ ነጻ ነው፣ ባሱ ማውጣት ነው፤ ቃል በቃል የአማርኛው አቻ ነው። የምወደው ግን የአቤቱታውን የራሱን ስም ነው። አቤቱታ በአፋን ኦሮሞ «ኢያኖ» ነው፤ «ኢያ» ጩኸት፣ እሪታ ማለት ነው። በአማርኛም አቤቱታ የ«አቤት» ልጅ ነው። ባላገር በንጉሥ መንገድ ዳር ቆሞ «አቤት! አቤት!» እያለ ይጮኽ ነበር፤ ሰሚ ያጣም «የሕግ ያለህ!» ብሎ ጮኸ። ሁለቱ ቋንቋዎች በየራሳቸው መንገድ ሄደው ሕጋዊውን ማመልከቻ ከጩኸት አወጡት። ዛሬ ያ ጩኸት በኮምፒዩተር ተተይቦ፣ ማኅተም ተመትቶበት፣ የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶት ይገባል። እስርም እንዲሁ ነው። ኦሮምኛው «ሂዻ» ማሰሪያም እስርም ነው፤ አማርኛው «አሰረ» በሬም ያስራል ሰውም ያስራል። የዐረብና የዕብራይስጥ እስረኛም ከዚሁ ሥር ነው የሚወጣው። አንድ ቃል ግን ተራርቋል። ኦሮምኛው «ሴራ» ሕግ ነው፤ ዳኛው «አባ ሴራ» ይባላል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ ሰው በችሎቱ ቁጭ ብሎ «ሴራ፣ ሴራ» ሲባል ቢሰማ የተንኮል ነገር የሚወራ ሊመስለው ይችላል። አስተርጓሚ ማግኘት መብት የሆነው ለዚህም ነው።

በድሮው ዳኝነት ታሳሪና አሳሪን የሚያገናኝ ቃል ነበር፤ ቁራኛ። ከሳሽና ተከሳሽ፣ ወይም አበዳሪና ተበዳሪ፣ እጅ ለእጅ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው እስከ ዳኛው ድረስ ይሄዱ ነበር። የአንዱ ቀኝ ከሌላው ግራ፤ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። ጭካኔ አለበት። ነገር ግን አሳሪው ከታሳሪው አካል መራቅ አይችልም፤ ዳኛ ፊት ሲቆምም የያዘውን ሰው ይዞ ነው የሚቆመው። የት እንዳለ አላውቅም ማለት አይቻልም። ሥርዓቱ ቀረ፣ ቃሉ ግን ተበተነ። «በዓይነ ቁራኛ መከታተል» የምንለው ሰንሰለቱን በዓይን ተክተን ነው። ጋዜጠኛ «የሁለቱ ሕዝቦች ቁርኝት» ሲል ፍቅርን ለመግለጽ ነው፤ ሥሩ ግን ሰንሰለት ነው።

የነገሩ ሁሉ ማዕከል ያለው «ፍትሕ» በሚለው ቃል ውስጥ ነው። ግእዙ «ፈትሐ» ከፈተ ማለት ነው፤ ፈታ፣ ለቀቀም ማለት ነው፤ ፈረደም ማለት ነው። ዐረብኛ «ፈተሐ» ብሎ በመክፈት ትርጉሙ ይዞታል፤ በጥንታዊት ደቡብ ዐረቢያ ጽሑፎች መፍረድ የሚለው ትርጉም አብሮ ይገኛል። በእኛ ቋንቋ ሐው ሲረግፍ «ፈታ» ሆነ፤ ፍቺ፣ ፍታት፣ መፍትሔ ሁሉ የእሱ ናቸው። ባልና ሚስት ይፋታሉ፣ ቅኔ ይፈታል፣ ሕልም ይፈታል፣ ሟች ይፈታል። ፍትሐ ነገሥትን የሰጠን፣ ፍትሐ ብሔርንም የሰጠን ያው ሥር ነው። ይህን ስናይ እስርና ፍትሕ አንዱ ቋጠሮ ሌላው መፍቻ ሆነው በቋንቋው ውስጥ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሃቢየስ ኮርፐስ ከውጭ የመጣ ነው ቢባልም ሐሳቡ በቃላችን ውስጥ ቀድሞ ነበረ። ዳኛ ማለት ፈታሒ ነው። መፍታት የማይችል ዳኛ ስሙ እንጂ ሥራው የለም።

አሳሪው ቤት ግን ስሙን ሲለዋውጥ ኖሯል። ግእዙ «ቤተ ሞቅሕ» ይለዋል። ወህኒ ቤት የምንለው የጎንደር ነገሥታት የንጉሥ ልጆችን ያኖሩበት ከነበረው ከወህኒ አምባ የመጣ ነው። ከርቸሌ የጣልያኑ «ካርቸሬ» ነው። በኋላ ማረሚያ ቤት ተባለ፤ ያረመ ገበሬ አረም የነቀለ ነው፤ ያረመ መምህር ስሕተት ያስተካከለ ነው። ኦሮምኛውም «መና ሲሬሳ» ይለዋል፣ ማቃኛ ቤት እንደማለት። ፍርድ ለተሰጠበት ሰው ቃሉ የተከበረ ቃል ነው። ያልተፈረደበትን ሰው ግን «ታራሚ» ብሎ መጥራት ፍርዱን ቀድሞ መስጠት ነው። ማዕከላዊ ደግሞ «መካከለኛ» ማለት ብቻ ነበር፤ በ2010 እስከተዘጋ ድረስ ግን ከአምቦም ከሌላም አገር የተወሰደ ወጣት የሚመረመርበት ቤት ስም ሆኖ ኖረ። በመስከረም 2009 መጨረሻ በታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ «ተሐድሶ» የሚለው ቃልም ተራውን አገኘ። መታደስ፣ አዲስ መሆን ማለት ነው። በዚያ ዘመን ግን ክስ ሳይመሠረትበት በጦር ሰፈር ለሳምንታት የተቀመጠ ሰው የሚሰጠው ሥልጠና ስም ሆነ። ከ20 ሺህ በላይ ሰው መታሰሩን መንግሥት ራሱ አምኗል። ከምዕራብ ሸዋ ቶኬ ኩታዬ የተወለዱት መረራ ጉዲና በኅዳር 2009 ከአውሮፓ ሲመለሱ የተያዙት በዚሁ አዋጅ ነው፤ ክሳቸው ተቋርጦ የወጡት በጥር 2010 ነው።

ዝርዝሩ እዚህ ላይ የሚያደርሰን በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ወዳለው ቀዳዳ ነው። አንቀጽ 93 በአስቸኳይ ጊዜም ሊነኩ የማይችሉትን ድንጋጌዎች ይቆጥራል፦ 1፣ 18፣ 25፣ እና የ39 ሁለት ንኡስ አንቀጾች። 19 በዝርዝሩ ውስጥ የለም። ይህን እንደ ከባድ ጉድለት ነው የማየው። 18 ማሠቃየትን ይከለክላል፣ እሱ አይታገድም፤ ነገር ግን የታሰረው ሰው ዳኛ ፊት ካልቀረበ መሠቃየት አለመሠቃየቱን ማን ያያል? የአሜሪካ አህጉር የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1987 ባወጣው አስተያየት ይህ አቤቱታ በአስቸኳይ ጊዜ ሊታገድ እንደማይችል ያስረዳው በዚሁ መንገድ ነው፤ ሊታገዱ ለማይችሉት መብቶች ጠባቂያቸው እሱ ነውና። በእኛ አገር እገዳው በሕግ በግልጽ የተጻፈበት ጊዜም ነበር። የደርግ ባለሥልጣናትን የሚከስ ልዩ ዐቃቤ ሕግ ለማቋቋም በ1984 የወጣው አዋጅ ቁጥር 22 ለታሰሩት ይህን አቤቱታ ለ6 ወር አግዶ ነበር። ጊዜው ሲያበቃ እስረኞች በብዛት አቤት አሉ፤ ፍርድ ቤቱ ልዩ ዐቃቤ ሕግን «በምን ያዝካቸው?» ብሎ ጠየቀ፤ ማስረጃ ያልቀረበባቸው ብዙዎች ተለቀቁ። እነዚያ ሰዎች ጨካኝ የተባለ መንግሥት አገልጋዮች ነበሩ። ይህ ሆኖም ዳኛው በአያያዛቸው ላይ ብቻ ጠየቀ፤ ከሕግ ታሪካችን የምኮራበት አንዱ ይህ ነው።

ቀሪው ጥያቄ የትኛው ፍርድ ቤት ነው የሚለው ነው። «ፌዴራል» ከላቲኑ «ፌዱስ» ነው፤ ቃል ኪዳን ማለት ነው። በአምቦ መንገድ ግን በተለይ ከ2006 ወዲህ «ፌዴራል» ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ዝንጉርጉር የለበሰው ፖሊስ ነው። «ክልል» ከ«ከለለ» ነው፤ አክሊልም ከለላም ዘመዶቹ ናቸው። በአሜሪካ በአንድ ክፍለ ግዛት ፍርድ ቤት ተፈርዶበት የታሰረ ሰው እ.ኤ.አ. ከ1867 ጀምሮ «የአገሪቱ ሕገ መንግሥት ተጥሶብኛል» ብሎ ወደ ፌዴራል ዳኛ በዚሁ ደብዳቤ መሄድ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣ ሕግ ግን የ1 ዓመት ገደብ አስሮበት በሩን አጥብቦታል። የእኛ አሠራር በሌላ መንገድ ይሄዳል። በአዋጅ ቁጥር 25/1988 አቤቱታው ለፌዴራል ፍርድ ቤቶች ከተሰጡ ጉዳዮች አንዱ ሆኖ ተቆጠረ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 78 እና 80 ደግሞ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ሥልጣን ለክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች በውክልና ተሰጥቷል። በ1995 በአዋጅ ቁጥር 322 ይህ ውክልና በአፋር፣ በቤንሻንጉል ጉሙዝ፣ በጋምቤላ፣ በሶማሌና በደቡብ ተነሥቶ በቦታው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቋቋም ተደነገገ። ኦሮሚያ ከእነዚያ ውስጥ የለችም። ስለዚህ በአምቦ የሚያስረው የክልል ፖሊስ ይሁን የፌዴራል፣ የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት «ሥልጣኑ የእኔ አይደለም» ሊል አይገባውም ባይ ነኝ። ውክልናው የተሰጠው ለዚህ ነው፤ ከባኮ የመጣ ቤተሰብ አምቦ ለመድረስ ብቻ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛልና ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ ማለት በሩን መዝጋት ነው።

ከላይ ያለው የመጨረሻ በር ሰበር ነው። ቃሉ ከፈረንሳይኛው «ካሳሲዮን» ተቀድቶ በ«ሰበረ» ተተካ፤ ሰበር ሰሚ ችሎት መሠረታዊ የሕግ ስሕተት ያለበትን የመጨረሻ ውሳኔ ይሰብራል። በአንቀጽ 80 መሠረት የክልል ውሳኔም እዚያ ሊደርስ ይችላል፤ ከ1997 ወዲህም ቢያንስ 5 ዳኞች ተሰይመው የሰጡት የሕግ ትርጉም ከአምቦ እስከ ጅጅጋ ያለውን ዳኛ ሁሉ ያስገድዳል። ፌዴራል ፍርድ ቤት በክልል የታሰረን ሰው ጉዳይ የሚያይበት የእኛ መንገድ ይህ ነው። ለዚህ አቤቱታ ግን ሰበር ሩቅ ነው። በቀናት ሊቆጠር የሚገባው ጥያቄ በወራት ይቆጠርበታል።

ከሥልጣን ክርክር ይልቅ የሚያስጨንቀኝ ትእዛዝ አለመከበሩ ነው። በአምቦ መንገድ መውጫ ላይ ባለችው ቡራዩ የኦሮሞ ነጻነት ግንባር (ኦነግ) አመራር አባላት ፍርድ ቤት እንዲለቀቁ ካዘዘ በኋላ ለዓመታት ታስረው መቆየታቸውን ሂዩማን ራይትስ ዎች ዘግቧል፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም እንዲፈቱ ጠይቋል። እዚያ የጎደለው ቃል አይደለም፤ ዳኛው «ፍታ» ብሏል። ያልተደረገው ከዚያ በፊት መደረግ የነበረበት ነው፤ በስም የተጠራ አንድ ኃላፊ ታሳሪውን ከጎኑ አቁሞ፣ ዳኛውን ዓይን ለዓይን እያየ መልስ መስጠት። ትእዛዝ በወረቀት ብቻ ወደ ጣቢያ ሲሄድ የሚያነበው ሰው ወደ «በላይ አካል» ያስተላልፈዋል። ችሎት ፊት የቆመ ሰው ግን ወዴትም ሊያስተላልፈው አይችልም፤ እምቢ ቢል እምቢታው የራሱ ነው፣ መዝገብ ላይም በስሙ ይሰፍራል።

ለዚህ ነው አቤቱታ የሚያዘጋጁ ጠበቆችና ጸሐፊዎች ዳኝነት በሚጠየቅበት ክፍል «አካሉ ነጻ እንዲወጣ ይወሰንልኝ» ብለው እንዳያቆሙ የምመክረው። መጀመሪያ የሚጠየቀው መቅረቡ ነው። ተጠሪ ተቋሙ ብቻ አይሁን፤ የጣቢያው አዛዥ ወይም የማረሚያ ቤቱ ኃላፊ በማዕረግና በሥራ ስሙ ይጻፍ። ታሳሪው ከአንድ በላይ ቦታ ታይቶ ከሆነ የሁሉም ቦታ ኃላፊዎች አብረው ይጠሩ፤ «እዚህ የለም» የሚለውም መጥቶ በቃለ መሐላ ይበለው። ቀጥሎ የተያዘበት ቀንና ሰዓት፣ 48 ሰዓቱ ያለፈበት ሰዓት ይጠቀስ። «ተጠሪው ታሳሪውን ይዞ በዚህ ቀንና ሰዓት ይቅረብ፤ የያዘበትን የጽሑፍ ትእዛዝም ይዞ ይምጣ» የሚለው ተለይቶ፣ በራሱ ቁጥር ይቀመጥ። ነጻ ይውጣ የሚለው ከእሱ ቀጥሎ በሁለተኛው ቁጥር ላይ ይጻፍ።